እጅ ይዞ የሚለምነው ሰው

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው ዋና መንገድ ዳር፣ በአንድ ረድፍ ከተሠሩት ትንንሽ ሱቆች አንዷን ተከራይቼ መሥራት ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥሁት ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ነው። ብርሃን ፈልጌ እንጂ ሰው ለማየት ብዬ አልነበረም። ግን እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ እጄ ጨርቁን ሲገፋ፣ ዓይኔ ከመንገዱ አይርቅም። ማን እንዳለፈ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ጫማ ጭቃ እንደገባበት ሳላስበው አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ያ ሰውዬ የመጣበትንም ቀን አውቃለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። የተማሪ ደንብ ልብስ ገና ስላልደረሰ ሥራ ቀዝቅዞ፣ የአንድ ሽማግሌ ካፖርት ገበር እየቀየርሁ ነበር።

ከእኛ ረድፍ ፊት ለፊት የእግረኛው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠባል። የጎርፍ ማፋሰሻው ቦይ ክዳን ከተሰበረ ቆይቷል፤ በአንድ በኩል አፉን የከፈተ ቦይ፣ በሌላ በኩል የሱቅ ግድግዳ ነው። ከአስፋልቱ ላይ ደግሞ ባጃጁ ያጣድፋል። ስለዚህ ሰው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ በአንድ ነው የሚያልፍ። ሰውዬው የቆመው እዚያ ነበር። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየጠበቀ።

ረጅም ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። የለበሰው ኮት የሱ ልክ አልነበረም፤ እጅጌው ከክንዱ አጥሮ፣ ትከሻው ላይ ተወጥሮ፣ ሙያዬ ነውና መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ያየሁት የቀኝ እጁን ነው። ከአውራ ጣቱ በቀር ጣት አልነበረበትም። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ ቆዳው ግን ገና ቀይ ነበር።

በነዚያ ዓመታት ከተማችን ውስጥ የሚለምን ሰው በዝቶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የተጀመረ ፎቅ ብረቱ እንደቆመ ይቀራል። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ሥራ ያጣል፣ ቤቱን ጥሎ የመጣው መመለሻ ያጣል። ቀድሞ የምናውቃቸው የኔ ቢጤዎች ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላ ጨርቅ ዘርግተው፣ «ስለ ማርያም» የሚሉ ነበሩ። አዲሶቹ ግን መቀመጥ ትተው መሄድ፣ መሄድ ትተው መከተል ጀመሩ። ሱቅ ይገባሉ። ባንኮኒ ይደበድባሉ። የማይሰጣቸውን ይሰድባሉ። 

እሱ ደግሞ ይይዛል። በግራ እጁ የሰውን ክንድ ጥርቅም አድርጎ ይይዝና ያንን ጣት የሌለውን እጁን ከፊቱ ላይ ያመጣዋል።

«እየኝ» ይላል። «ዓይንህን አታዙር። እየኝ።»

ሰው የሚሰጠው አዝኖ አልነበረም። ያ እጅ እንዳይነካው ብሎ ነው። ሴቶች ይጮሃሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር በድንጋጤ የያዘችውን እንቁላል ስትጥል አይቻለሁ። ለቀናት ያህል የአስኳሉ ቢጫ ምልክት ከግድግዳው ሥር ነበር።

እኔንም ይዞኛል። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስሄድ ነው። ጣቶቹ የጋቢዬን ጥለት አልፈው ክንዴ ላይ ሲያርፉ ደነገጥሁ።

«እታለም፣ እዪኝ» አለኝ።

«ልቀቀኝ! ጤነኛ እግር አለህ፣ ለምን አትሠራም?» አልሁት።

እጁን ወደ ፊቴ አስጠጋው። «ይኼን የበላው ሥራ ነው» አለ።

ያለኝን ሰጠሁትና ለቀቀኝ። ሱቄ ገብቼ የያዘኝን ቦታ በሳሙና ታጠብሁ። ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ታጥቤዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ፣ በባጃጆቹ መካከል እየተሽሎከለክሁ አስፋልቱን እሻገር ነበር። ደንበኞቼም እንደዚያው። አንዳንዶቹ መሻገሩ ሲሰለቻቸው ሌላ ሰፊ ፈለጉ። የረድፋችን ሰዎች በዚህ ምክንያት ማጉረምረም ጀመሩ። ከሁሉ የሚብሰው ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ነበር። ሱቁ ከጠባቡ ቦታ ጋር ይዋሰናል፤ ገዢ እየራቀው ነበር።

«አንድ ቀን ይኼን ሰውዬ አንድ ነገር ካላደረግሁት» ይለኝ ነበር።

እኔም አልከለከልሁትም። እንዲያውም አንድ ቀን «ማን ያዘህ?» ብዬዋለሁ።

እናቴን በአንቱ ነው የምጠራቸው። ዲማ አካባቢ የተወለዱ የቄስ ልጅ ናቸው፤ አባታቸውንም እናታቸውንም በአንቱ ሲጠሩ አድገው እኛንም እንደዚያው አሳደጉን። አባቴ ካረፉ በኋላ ከኔ ጋር ነው የኖሩት። ያን ጊዜ ሰባ አምስትን አልፈው ነበር። ቀጥ ያሉ፣ ፈጣን፣ ምርኩዝ የሚንቁ ሴት ነበሩ። ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ፤ እሱም ለመዘርጋት ሳይሆን ለመያዝ ነው።

ምጽዋትን በተመለከተ ሕግ ነበራቸው። በወር በወር፣ በማርያም ዕለት፣ ዳቦ ቆራርሰው በመሶበ ወርቃቸው ይዘው ይሄዱና በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት አንድም ሳይዘሉ ይሰጣሉ። የእያንዳንዱን ክርስትና ስም ያውቃሉ። መንገድ ላይ ለሚለምን ግን አይሰጡም ነበር።

«አባቴ ተማሪ ሳሉ በየደጁ ለምነው ነው የተማሩ» ይሉኝ ነበር። «ደጅ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ውሻ ነክሷቸው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልመና እሱ ነው። እጅ የሚይዝ ግን ቀማኛ ነው።»

«እንግዲያውስ በዚያ በኩል አይምጡ። ባጃጅ ይያዙ» እላቸዋለሁ።

«እኔ ለቀማኛ ብዬ መንገድ አልቀይርም።»

የሆነውም በማርያም ዕለት ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጠዋት አባርቶ፣ ቦዩ ሞልቶ ይፈስስ ነበር። እናቴ ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ እኔ ጋ ጎራ ብለው ትንሽ አረፍ የማለት ልማድ ነበራቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የተበጠሰ ክር ሳስገባ ጩኸት ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ አልነበረም። የወንድ ጩኸት ነበር፤ ቀጠለና ደግሞ ውኃ ውስጥ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ።

ቀና ስል ሰውዬው ቦዩ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። በግራ እጁ ነጭ ነጠላ ይዟል። ነጠላውን አወቅሁት፤ ጥለቱን የዘመዘምሁት እኔ ነኝ።

እየሮጥሁ ወጣሁ። «ገፈተራቸው! እናቴን ገደላቸው!» ብዬ ጮህሁ።

ይኼን ልብ በሉልኝ። ሲገፈትራቸው አላየሁም። ክር ነበር የማየው። ግን አፌ ያለው እሱን ነው፣ እንዳየ ሰው ነው የጮህሁት።

ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው። እናቴ በጎናቸው ወድቀው፣ አንድ እግራቸው ያለ ቦታው ዞሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ራሳቸውን ከውኃው ቀና አድርጌ ደረቴ ላይ አስደገፍኋቸው። ከበላያችን ሰው ሲሮጥ ይሰማኛል። ጫማ ሻጩ ነበር የቀደመው። ከዚያ ሌሎቹ የረድፋችን ሰዎች፣ ከዚያ ባጃጃቸውን እዚያው አቁመው የወረዱ ነጂዎች። ስንት እንደነበሩ አላውቅም። ለወራት የተጠራቀመ ነገር ነው ያን ዕለት የወጣ።

ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ደረቅ አይደለም። እኔ ደረቅ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ተዉት» አሉኝ። «ተዉት በያቸው።»

ሰምቻቸዋለሁ። በኋላ ለሰው ስናገር «ሲያቃስቱ መስሎኝ ነበር» ብያለሁ፤ ውሸት ነው። መጀመሪያ ሲሉኝ ነው የሰማኋቸው። «እሺ፣ እሺ፣ አይናገሩ፣ ይደክማሉ» አልኋቸው። ቀና ብዬ አንዴ አየሁ። ሰውዬው መሬት ላይ ተጠቅልሎ፣ ያንን እጁን ደረቱ ውስጥ ደብቆ፣ ድምፅ አያሰማም ነበር። ጫማ ሻጩ በእግሩ ሲመታው አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ይሰሙኝ ነበር። የተጎዱት የኔ እናት ናቸው፤ ከኔ በላይ የሚሰማ ሰው እዚያ አልነበረም። አልተናገርሁም። የተሰማኝን ልናገር ካልሁ፣ ይበለው ነው ያልሁ፤ በሆዴ።

ፖሊስ ደርሶ ነው ያስጣለው። እናቴን አራት ሰዎች በብርድ ልብስ አንሥተው ከቦዩ አወጡልኝ። ከአራቱ አንዱ ጫማ ሻጩ ነበር። እጁ ላይ ደም ነበረበት። «አይዞሽ፣ አሳየነው» አለኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት።

የዳሌያቸው አጥንት ነው የተሰበረ። ሆስፒታል አስተኛኋቸው። ሐኪሙ ለስለስ ያለ ሰው ነበር፤ በዕድሜያቸው ምክንያት እንደ ቀድሞው መሄዳቸው አጠራጣሪ መሆኑን ሳይደብቅ፣ ሳያስደነግጥም ነገረኝ። ኦፕራሲዮን ተደረጉ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪ ፖሊስ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ሱሪውን ደጋግሜ አሳጥሬለት አውቀዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ስበን ተቀመጥንና ቃሌን ጻፈ።

«ሲገፈትራቸው በዓይንሽ አይተሻል?» አለኝ።

«አይቻለሁ» አልሁት።

«በየትኛው እጁ?»

ጥቂት አሰብሁ። «በግራው።»

ጻፈ። ፈረምሁ። ያን ቀን ምንም የከበደኝ ነገር አልነበረም። እውነት ነበር የሚመስለኝ፤ እንዲያውም ሲገፈትራቸው በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ ነበር፤ እጁ፣ ትከሻቸው፣ ሁሉም።

እናቴ መናገር የቻሉት ከሳምንት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አጠገባቸው ያለችው በሽተኛ ተኝታ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። አጥሚት በማንኪያ እያጠጣኋቸው ሳለ እጄን ያዙኝ።

«ያ ሰው ወዴት ደረሰ?»

«ታስሯል። አይጨነቁ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ገፈተራቸው ብዬ።»

ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አደረጉት። ጣራውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ይዞኛል። እሱ እውነት ነው። ‹እናቴ፣ እዩኝ› አለኝ። ‹ልቀቅ፣ አንት ቀማኛ› አልሁት። አለቅም አለ። በጃንጥላዬ መታሁት። ያንን ቁራጭ እጁን ነው የመታሁ፤ አውቄ ነው። እሪ ብሎ ለቀቀኝ። እኔ በሙሉ ጉልበቴ ስጎትት ነበርና ሲለቀኝ ወደ ኋላዬ ሄድሁ። ነጠላዬን አፈፍ ያደረገው ያኔ ነው። እንዳልወድቅ ነው የያዘኝ።»

«እንዴት አወቁ? ነጠላዎን ሊወስድ ይሆናል እኮ።»

«ፊቱን አየሁት» አሉ። «ደንግጦ ነበር። እንደ ልጄ ነው የደነገጠልኝ።»

አገጫቸው ላይ የፈሰሰውን አጥሚት ጠረግሁላቸው።

«ተዉት በያቸው ብዬሽ ነበር» አሉኝ።

«አልሰማሁም ነበር» አልኋቸው።

እናቴ ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አላነሡም። ሕፃን ሳለሁ ስዋሽ የሚያዩኝ አስተያየት ነበር። አጥሚቱን አልጨረሱትም።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ቃሌን ልለውጥ ነው የመጣሁ» አልሁት።

«የትኛውን?»

«አይቻለሁ ያልሁትን። አላየሁም።»

ሻዩን አስቀመጠ። አልተቆጣኝም። የውሸት ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ አስረዳኝ፣ ቀጥሎ ግን ደንግጠሽ ነበር ብሎ ራሱ ምክንያት ሰጠልኝና አዲስ ወረቀት አወጣ። እናቴ የነገሩኝን በሙሉ ተናገርሁ። ሰውዬው ቀድሞውኑ ጣቢያ ውስጥ እንዳልነበረ የነገረኝ ጽፎ ሲጨርስ ነው። በጣም ተጎድቶ ስለነበር ለሕክምና ወስደውት፣ አንድ ዓይኑ ሳይድን ቀርቶ፣ በዋስ እንዳይለቁት ዋስ የሚሆነው ሰው ስለሌለ፣ ሲሻለው በራሱ ፊርማ ለቀውታል።

«የደበደቡትን ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ መርማሪው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነበር። «በሱ በኩል የሚናገር የለም። አንቺ ካልሽ እጽፋለሁ።»

ለዓመታት ግድግዳ ተጋርተን የኖርን ሰዎች ናቸው። ሱቄን ጥዬ ሆስፒታል ስመላለስ ቁልፌን የያዘልኝ ጫማ ሻጩ ነው። እናቴን ለመጠየቅ ብርቱካን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው።

«ሰው በዝቶ ነበር» አልሁ። «መለየት አልቻልሁም።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ከደነ።

እናቴ ከወር በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። ዐራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ ገዝተን ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ ይሄዱበት ጀመር። ከዚያ አላለፈም። ማርያም ዕለት ሲደርስ ነጠላቸውን ለብሰው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ዳቦውን እኔ ነኝ ይዤ የምሄድ። «አንድም እንዳትዘዪ» ይሉኛል።

ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ፣ አደይ አበባው ሁሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ለተቀመጡት ዳቦ እየሰጠሁ ስሄድ መጨረሻ ላይ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ያንን እጅጌ አጭር ኮት አየሁ።

ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል። የግራ ዓይኑ ቆዳ ተጣብቆ ተዘግቷል። ጣት የሌለውን እጁን አልዘረጋም፤ ኮቱ ውስጥ ደብቆታል። የዘረጋው ጤነኛውን ነው። ድምፅም አያሰማም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ዳቦውን መዳፉ ላይ አስቀመጥሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። ሄድሁ። ለእናቴ ነገርኋቸው። አለቀሱ። ሲወድቁ ያላለቀሱ ሴት።

በነጋታው ትልቅ ዳቦና የሽምብራ ቆሎ አስይዘው መልሰው ላኩኝ። «ይቅር በለኝ ብላሃለች በይው» አሉኝ። «ባላበላህም ልመታህ አይገባኝም ነበር ብላሃለች።»

ሰው በሌለበት ሰዓት መርጬ ሄድሁ። አጠገቡ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ብቻ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቁጢጥ አልሁ።

«ታውቀኛለህ?» አልሁት።

በአንድ ዓይኑ አየኝ። «ልብስ ሰፊዋ» አለ። «እናትሽ ተነሡ?»

እንዲህ ይጠይቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የመጣሁበትን ነገር ሁሉ ለቅጽበት ረሳሁት።

«ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይሄዳሉ» አልሁት። «ይኼን እሳቸው ናቸው የላኩ። ይቅር በለኝ ብለውሃል።»

ዳቦውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ባልይዛቸው አይመቱኝም ነበር» አለ። «እሳቸውን ይቅር ብያለሁ በያቸው።»

እሳቸውን አለ። እኔን አላለም። ከአፌ ሊወጣ የነበረው «እኔንስ?» ተመልሶ ገባ።

«ከየት ነህ?» አልሁት፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

ከጉንደ ወይን በላይ ካለ መንደር እንደሆነ ነገረኝ። ድንጋይ መፍጫ ላይ ይሠራ ነበር። እጁን ማሽኑ ሲወስደው አሠሪው አሳክሞት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ሲቆም አሠሪውም ወዴት እንደሄደ አላወቀም። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እርሻው የወንድሙ ነው፤ በአንድ እጁ ማረስም ማጨድም ስላልቻለ ሸክም ሆኖ መኖር ከብዶት ነው ከተማ የገባ።

«መጀመሪያ እዚህ ነው የተቀመጥሁ» አለኝ። «እንደዚህ፣ ዝም ብዬ። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር። ሰው ጨርቁን እንጂ ሰውዬውን አያይም። አንድ ቀን ርቦኝ የአንድ ሰው እጅ ያዝሁ። ደነገጠና አየኝ። ሰጠኝም። ከዚያ ወዲህ ነው የለመድሁት።» ቀጥሎም «መጥፎ ነገር ነው። አውቃለሁ። ሴቶች ሲጮሁብኝ እኔም እደነግጥ ነበር» አለ።

«እኔ ነኝ ገፈተራቸው ብዬ የጮህሁ» አልሁት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። «ሳላይ ነው የጮህሁ። ሲመቱህም አይቼ ዝም አልሁ።»

«ድምፅሽን ሰምቻለሁ» አለ።

ቁጣ ቢወጣው ደስ ባለኝ። ቆሎውን ከወረቀቱ እያነሣ፣ ለአሮጊቷ ከመዳፋቸው ላይ ያስቀምጥላቸው ጀመር። እኔ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ።

በመጨረሻ «እየመጣሁ አይሃለሁ» ብዬ ስነሣ፣ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«አትምጪ፣ እታለም።»

«ለምን?»

«አንቺ ስትመጪ ሰው ያየኛል። ያ እሱ ነው እንዴ ይላሉ። ከነዚያ ሰዎች ሁለቱ ቅዳሴ እዚህ ነው የሚያስቀድሱ። አላወቁኝም፤ ባለፈው አንደኛው ሳንቲም ጣለልኝ። እንደዚህ ይሻለኛል።»

የረድፋችን ሰዎች ግን አውቀውት ኖሯል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጫማ ሻጩ ሱቄ በር ላይ ተደግፎ እየሳቀ ነገረኝ። «ያ ቀውስ እኮ ሰው ሆነ» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጭጭ ብሎ ተቀምጧል። አየሽ፣ የተቀጣ ይማራል። እኔም አዘንሁለትና ሰጠሁት።»

የያዝሁትን እጅጌ ገለበጥሁና ሰፋሁት። ተገላብጦ ነበር የሰፋሁት፤ ማታ ፈትቼ ደግሜ ሠራሁ።

ለእናቴም አትምጪ እንዳለኝ አልነገርኋቸውም። ይቅር ብሏቸዋል አልኋቸው። ሲሰሙ አንድ ነገር ከትከሻቸው የወረደ መሰሉ። «አንቺንስ?» አሉኝ። «እኔንም» አልሁ። በየማርያሙ ዳቦውን ይዤ ስሄድ ግን እሱ ጋ ስደርስ አንድም ቃል ሳልናገር፣ እንደማላውቀው ሰው፣ መዳፉ ላይ አስቀምጬ አልፋለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ለሁሉም የሚለውን። ሦስት ወር ያህል እንደዚህ ሆነ።

በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ስሄድ ቦታው ባዶ ነበር። ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነ ብዬ በሩን ዙሪያውን አየሁ። ዓይነ ስውሯን አሮጊት ጠየቅኋቸው። ዳቦውን እያሸተቱ፣

«ሄዷል ልጄ» አሉኝ። «ደጀን እሄዳለሁ ሲል ነበር። የዓባይን ዳገት ሲወጡ መኪኖች ቀስ ስለሚሉ፣ እዚያ ይሻላል ያለው ሰው አለ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ያው ሊለምን ነዋ። እዚህ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ለልጆቹ የሚልከው አልሞላለትም። እዚያ ግን መኪናው ላይ መንጠልጠል ይፈልጋል አሉ፤ ካልጮኹ ሹፌር አይሰማም። በዚያ በተቆረጠ እጁ ምኑን ይዞ እንደሚንጠለጠል እንጃ።» ዳቦውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ቆሎ ያካፍለኝ ነበር» አሉ።

ቤት ስገባ እናቴ ነጠላቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ባዶውን መሶብ ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሁሉም ደረሳቸው?»

«ደረሳቸው።»

«ያስ ልጅ? ደኅና ነው?»

ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር። «ወደ አገሩ ተመልሷል» አልኋቸው። «ወደ ልጆቹ ሄዷል አሉ። ወንድሙ መጥቶ ወስዶታል።»

እናቴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። «እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ ቤቱ ገባ።» ፊታቸው በራ። ከወደቁ ጀምሮ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም ነበር። ምሳ ሲቀርብ ጥሩ አድርገው በሉ።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ስሙን ሳያነሡ ያነሡታል። ዘንድሮ ዝናቡ ለነ ጉንደ ወይን ጥሩ ነው ይሉኛል፣ ልጆቹ ይኼን ጊዜ አድገው ይሆናል ይሉኛል። እኔም አዎ እላቸዋለሁ።